ኩንታሉን መዝኖ ግመሉን መርሳት፦ የዋና ልምምድ “ጫና ነጥብ” ምን ይለካል?

ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቦርደዴ ቆላ ናት፤ ግመል እዚያ ብርቅ አይደለም። ግመል የሚጭን ሰው ጭነቱ ስንት ኩንታል እንደሆነ ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ግመሉ ሲነሳ ተንገዳገደ ወይ? ትናንት ስንት ሰዓት ተጓዘ? ውሃ ከጠጣ ስንት ቀኑ ነው? ያው ጭነት ሰኞ ቀላል፣ ሐሙስ ከባድ ሊሆን ይችላል። ኩንታሉ ግን ሰኞም ሐሙስም ያው ኩንታል ነው።

ይህን ልዩነት ይዘን ወደ ውሃ እንግባ። ዛሬ የምንተቸው ነገር አንድ ቁጥር ነው። በስማርት ሰዓቶችና በልምምድ መተግበሪያዎች ላይ ከዋና በኋላ ብቅ ይላል፤ “የዛሬው ልምምድህ 67” ይልሃል። በእንግሊዝኛ “ትሬኒንግ ስትረስ ስኮር” ይሉታል፤ እኛ “የልምምድ ጫና ነጥብ” ብንለው ያስኬዳል። ንጹሕ ቁጥር ነው፣ ሳይንስም ይመስላል። ግማሹ በእርግጥ ሳይንስ ነው። ጥያቄ ያለኝ በቀረው ግማሽ ላይ ነው። አሰልጣኝ አንድን የ14 ዓመት ልጅ ነገ ስንት ሜትር እንደሚያስዋኝ በዚህ ቁጥር ብቻ ከወሰነና ቁጥሩ ከተሳሳተ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሰዓቱ ሳይሆን ልጁ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይወጣል?

ሐሳቡ የተወለደው ብስክሌት ላይ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ አንድሩ ኮጋን በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ በራስ “ደፍ” ላይ ለመንዳት 100 ነጥብ ሰጠ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ ይሰላል። ዋናና ሩጫም በኋላ የየራሳቸውን ቀመር አገኙ።

ደፍ ስንል የቤት ደፍን አስቡ። ከደፉ ወዲህ እስካላችሁ ድረስ ለረጅም ጊዜ መቀጠል ትችላላችሁ። ደፉን ከተሻገራችሁ ግን ድካሙ ቶሎ ቶሎ ይከመራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወይ ትቀንሳላችሁ ወይ ታቆማላችሁ። በዋና ይህን ፍጥነት ለማግኘት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጃፓናዊው ዋካዮሺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ካሳወቁት ሥራ የመጣ ቀላል ዘዴ አለ፦ አንድ ጊዜ 200 ሜትር፣ ሌላ ጊዜ 400 ሜትር በሙሉ አቅም ትዋኛላችሁ። ለምሳሌ 200ውን በ3 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ፣ 400ውን በ7 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጨረሳችሁ እንበል። የርቀቱ ልዩነት 200 ሜትር፣ የጊዜው ልዩነት 230 ሰከንድ ነው። 200 ለ230 ሲካፈል በሰከንድ 0.87 ሜትር ገደማ ይመጣል። ማለትም መቶ ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ። ደፋችሁ ይሄ ነው።

ከዚያ ነጥቡ ይሰላል። የዛሬውን አማካይ ፍጥነት ለደፉ ፍጥነት ታካፍላላችሁ፤ የመጣውን ወደ ኩብ ታሳድጋላችሁ (ሀ × ሀ × ሀ)፤ በሰዓት በተለካው ጊዜ ታባዛላችሁ፤ በመጨረሻም በ100። 40 ደቂቃ በደፉ ፍጥነት ከዋኛችሁ 67 ነጥብ ነው። ያንኑ 40 ደቂቃ በደፉ 90 በመቶ ከዋኛችሁ 49 ይሆናል። ፍጥነቱ በአሥር በመቶ ቀነሰ፣ ነጥቡ ግን ከሩብ በላይ ወረደ።

ለምን ኩብ? እዚህ ላይ ነው ፊዚክሱ የሚያምረው። ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይወፍራል። ስንዋኝ ወደ ኋላ የሚጎትተን የውሃው ተቃውሞ ከፍጥነታችን ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ። በየሰከንዱ የምናወጣው ጉልበት ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነቱ ሲባዛ ስለሆነ ከኩብ ጋር ያድጋል፤ እጥፍ ፍጥነት ስምንት እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል። ሯጭ ትንሽ ሲፈጥን ትንሽ ይከፍላል። ዋናተኛ ትንሽ ሲፈጥን ብዙ ይከፍላል። ገንዳ ውስጥ ከጓደኛው ጋር ተሽቀዳድሞ 25 ሜትር ሳይጨርስ ትንፋሹ ያለቀበት ሁሉ ይህን ቀመር በደረቱ ያውቀዋል።

ይህን የቀመሩን ክፍል እወደዋለሁ። ቀድሞ የዋና ልምምድ የሚለካው በኪሎ ሜትር ነበር፦ “ዛሬ ስድስት ኪሎ ሜትር ዋኘን”፣ አለቀ። ብዙ የዋኘ ብዙ ሠራ። ይህ እምነት እ.ኤ.አ. በ1991 ከባድ ምት ደረሰበት። አሜሪካዊው ዴቪድ ኮስቲልና ባልደረቦቹ የኮሌጅ ዋናተኞችን ለሁለት ከፈሏቸው፤ አንደኛው ቡድን ለስድስት ሳምንት በቀን አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ሠለጠነ። ልምምዱን ያበዛው ቡድን ያገኘው ተጨማሪ የውጤት ጥቅም አልታየም። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ኢኒጎ ሙሂካ ከባልደረቦቹ ጋር የዋናተኞችን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ተከታትሎ፣ ከውጤት መሻሻል ጋር አብሮ የሄደው የልምምዱ ብዛት ሳይሆን ጥንካሬው መሆኑን አሳየ። ሙሂካ ልምምዱን በደም ውስጥ ባለው የላክቴት መጠን በአምስት ደረጃ ከፍሎ 1፣ 2፣ 3፣ 5 እና 8 የሚል ክብደት ሰጣቸው፤ ከባዱ መቶ ሜትር ከቀላሉ መቶ ሜትር ስምንት እጥፍ ተቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ “ሜትር ሁሉ እኩል አይደለም” የሚለው ሐሳብ የሰዓት አምራቾች ፈጠራ አይደለም።

እንዲያውም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዛሬ መተግበሪያዎች የሚያሳዩት “ብቃት ከድካም ሲቀነስ” የሚለው ግራፍ መነሻው ካናዳ ውስጥ ኤሪክ ባኒስተርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠሩት ሒሳባዊ ሞዴል ነው። መጀመሪያ የሞከሩት በማን ላይ መሰላችሁ? በዋናተኛ ላይ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ከትንሹ እንጀምር፤ ከዕረፍቱ። ዋና ላይ ያለማቋረጥ መዋኘት የተለመደ አይደለም፤ ቆራርጦ፣ ግድግዳውን ይዞ እያረፉ ነው። ደፋችን ያው በመቶ ሜትር 1 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ነው እንበልና አንድ ልምምድ እንውሰድ፦ 50 ሜትር 20 ጊዜ፣ እያንዳንዱ በ55 ሰከንድ። አንዷ ዋናተኛ በየመሃሉ 10 ሰከንድ ታርፋለች፤ ሌላዋ 60 ሰከንድ። (ስሌቱ እንዲቀል ከመጨረሻው 50 በኋላም ዕረፍት አለ እንበል።) አሥር ሰከንድ ብቻ የምታርፈዋ መጨረሻ ላይ ምን እንደምትመስል መገመት አያቅትም። ሌላዋ በየመሃሉ ማውራት ሁሉ ትችላለች።

ሰዓቱ ዕረፍቱን ትቶ የዋኙበትን ጊዜ ብቻ ከቆጠረ ሁለቱም 35 ነጥብ ያገኛሉ። እኩል! ዕረፍቱን ጨምሮ ከቆጠረ ደግሞ የመጀመሪያዋ 25፣ ሁለተኛዋ 8 ታገኛለች። አሁን ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆነ፤ ልዩነቱ ግን ከሦስት እጥፍ በላይ ተጋነነ። ሁለተኛዋ ልጅ እኮ አንድ ኪሎ ሜትር ከደፏ በላይ በሆነ ፍጥነት ዋኝታለች፤ 8 ነጥብ ለብ ያለ ማሟሟቂያ ነው የሚመስለው። አስተውሉ፦ ልምምዱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ሶፍትዌሩ ሰዓቱን መቼ እንደሚያቆም ብቻ ነው። 35 ወይስ 8? መልሱ በዋናተኛዋ አካል ውስጥ ሳይሆን በመተግበሪያው ቅንብር ውስጥ ካለ፣ የምንለካው ማንን ነው?

ተመሳሳይ ጣጣ አማካይ ላይ አለ። ግማሹን ጊዜ በደፋችሁ 120 በመቶ፣ ግማሹን በ70 በመቶ ዋኛችሁ እንበል። አማካዩ 95 በመቶ ነው፤ ኩቡ በሰዓት 86 ነጥብ ይሰጣል። ሁለቱን ክፍል ለየብቻ ኩብ አድርጋችሁ ብታማክሉ ግን 104 ይመጣል። መጀመሪያ ማማከል ከዚያ ኩብ ማድረግና፣ መጀመሪያ ኩብ ማድረግ ከዚያ ማማከል አንድ አይደሉም፤ የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ቀመሩ ከባዱን ክፍል በቀላሉ ክፍል አቅጥኖ ያጠፋዋል፤ የሚገርመው ደግሞ ኩቡን ያመጣነው ከባዱ ክፍል እንዳይጠፋ ነበር።

እነዚህ ሁለቱ ጥሩ ፕሮግራመር የሚያስተካክላቸው ስህተቶች ናቸው። የሚቀጥለው ግን በፕሮግራመር አይስተካከልም።

ሮቤልና ቻልመርስ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ ለኢትዮጵያ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ዋኘ። ጊዜው 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ነበር፤ ከ59 ዋናተኞች የመጨረሻው። የዓለም ማኅበራዊ ሚዲያ በሰውነቱ ቅርጽ ተሳለቀ። እንዴት ተመረጠ የሚለው ክርክር ለብቻው ይቆይ፤ እኛን የሚመለከተን ሒሳቡ ነው። የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው 47.58 ሰከንድ ገባ። ልዩነቱ 17 ሰከንድ ገደማ ነው። ሰው የሳቀው በ17 ሰከንዱ ነው።

አሁን ኩቡን አምጡት። የቻልመርስ አማካይ ፍጥነት ከሮቤል በ1.37 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። የሁለቱም አካል ውሃውን እኩል ይሰነጥቃል ብለን ብናስብ፣ ቻልመርስ በየሰከንዱ የሚያወጣው ጉልበት የሮቤልን ሁለት ተኩል እጥፍ መሆን ነበረበት። ሁለት ተኩል እጥፍ! ግን “እኩል ይሰነጥቃል” የሚለው ግምት ልክ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ያደገ ዋናተኛ ሰውነቱን አስተካክሎ ይዘረጋል፤ ወገቡ አይሰምጥም፣ ጭንቅላቱ አይነሳም፣ እጁ ውሃውን በደንብ ይይዛል። ውሃው ራሱ ያነሰ ይጎትተዋል። ስለዚህ ከልዩነቱ አንዱ ክፍል የጉልበት ነው፣ ሌላው ክፍል የጥበብ ነው። ሰው ውሃ ውስጥ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፊት ለመሄድ የሚውለው በጣም ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሙቀት ይሆናል፣ ውሃ ወደ ጎን ይገፋል፣ አረፋ ይሆናል። ጀማሪው ብዙ አረፋ ያመርታል።

የጫና ነጥቡ ይህን መለየት አይችልም። በሰዓት የሚለካው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ከጉልበት ይምጣ ከጥበብ አያውቅም። አንዲት ልጅ በዚህ ወር ወገቧን ማንሳት ከተማረች በተመሳሳይ ድካም በፍጥነት ትዋኛለች። ደፏን እንደገና እስክትለካ ድረስ ሰዓቱ “ጫናሽ ጨመረ” ይላታል፤ በተግባር ግን ውሃው ቀለላት እንጂ ጫናዋ አልጨመረም። በተቃራኒው ደግሞ ደክሟት አጣጣሏ የተበላሸባት ቀን፣ በዝግታ እየዋኘች ከመቼውም በላይ ትለፋለች፤ ሰዓቱ ዝቅተኛ ነጥብ ሰጥቶ “ዛሬ ቀላል ነበር” ይላታል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ማረፍ ያለባት ቀን ላይ ቁጥሩ “ጨምሪ” እያለ ይገፋታል።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጥቡ የሚሰላው ከራስ ደፍ ነው። ሮቤል አንድ ሰዓት በራሱ ደፍ ቢዋኝ 100 ያገኛል፤ ቻልመርስም አንድ ሰዓት በራሱ ደፍ ቢዋኝ 100። ይህ የቀመሩ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተደረገ ነገር ነው፤ እኔም ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ከዚህ የተነሳ “አንተ ስንት አገኘህ? እኔ 90” እያሉ በነጥብ መወዳደር ትርጉም የለውም። የእናንተ 90 እና የጓደኛችሁ 90 በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የተመዘኑ ናቸው።

“ስትረስ” የሚለው ስም

ቃሉን ወደ ሕክምናው ዓለም ያስገባው የሆርሞን ተመራማሪው ሃንስ ሰልዬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ ነው ሥራው የሚጀምረው። ሰልዬ በኋላ ላይ ሁለት ነገር ለያየ፦ ከውጭ የሚመጣው አስጨናቂ ነገር አለ፤ አካል ለዚያ የሚሰጠው ምላሽ ደግሞ አለ። “ስትረስ” ያለው ሁለተኛውን ነው። ዛሬ የስፖርት ሳይንቲስቶች ይህንኑ “ውጫዊ ጫና” እና “ውስጣዊ ጫና” ይሉታል፤ ስለ ልዩነቱ አብዝቶ ከጻፉት አንዱ ጣሊያናዊው ፍራንኮ ኢምፔሊዜሪ ነው። የእኛው “ጫና” ከ“ጫነ” መምጣቱ ራሱ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ጫኝ አለ፣ ተጫኝ አለ።

የሰዓታችሁ ነጥብ የሚለካው ውጫዊውን ነው። የተለጠፈበት ስም ግን የውስጣዊው ነው። ኩንታሉን መዝኖ “የግመሉ ድካም” የሚል ወረቀት መለጠፍ ማለት ነው።

ቀመሩ የማያያቸውን ነገሮች ብዛት ተመልከቱ። የውሃው ሙቀት የለበትም። በዓለም አቀፍ ደንብ የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል፤ ከቦርደዴ ብዙም በማይርቀው አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለው ፍልውሃ ግን ስሙ ራሱ ይናገራል። በሞቀ ውሃ ውስጥ ሰውነት ሙቀቱን የሚጥልበት ቦታ ስለሚያጣ ልብ ደምን ወደ ቆዳ ለመግፋት ተጨማሪ ይሠራል። ነጥቡ ግን አይንቀሳቀስም። ከፍታም የለበትም። ቆላ ላይ ደፉን ለክቶ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው አዲስ አበባ የሄደ ልጅ በየትንፋሹ የሚያገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሩብ የሚጠጋ ያነሰ ነው፤ አሮጌውን ደፍ ይዞ ነጥብ ማስላት ራስን ማታለል ነው። የቢራቢሮ ቀዘፋና የነፃ ቀዘፋ ልዩነት፣ በእግር ብቻ የሚሠራ ልምምድ... እነዚህንም በአንድ ደፍ መመዘን አይቻልም።

ከሁሉ በላይ ግን ነጥቡ የሚጀምረው ከገንዳው ጠርዝ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቀን የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን አስተዳደግ ሲመረምር፣ የማራቶን ሯጮቹ ከሌሎች ይልቅ ከሩቅ፣ ያውም እየሮጡ ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደነበር አገኘ። ያንን ሩጫ ማን ልምምድ ብሎ መዘገበው? ማንም። የሠራው ግን ሠርቷል። ዛሬም ከልምምድ በፊት ጀሪካን ተሸክሞ የመጣ ልጅ፣ በሙቀት እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ልጅ፣ ፈተና ያለባት ልጅ፣ በረመዳን የምትጾም ልጅ ሁሉም ወደ ልምምድ የሚገቡት ተጭነው ነው። ሰዓቱ ሁሉንም ከዜሮ ይጀምርላቸዋል።

ይህ ደግሞ ወደዚያ የባኒስተር ግራፍ ይገባል። መተግበሪያዎቹ የ42 ቀንና የ7 ቀን የነጥብ አማካይ እያሰሉ “ብቃትህ ይህ፣ ድካምህ ይህ” ይላሉ። ሞዴሉ ብልህ ነው። ግን ዱቄቱ ውስጥ አፈር ካለ፣ ሊጡ ምንም ቢቦካ አፈሩ እንጀራው ላይ ይቆረጥማል።

ታዲያ በምን እንለካ?

የልብ ምት ትሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውስጣዊውን ይነካል። ውሃ ውስጥ ግን ሰው በጀርባው ወይም በሆዱ ተጋድሞ ስለሆነ፣ ውሃውም ደምን ወደ ደረት ስለሚገፋ፣ የልብ ምት በመሬት ላይ ከሚኖረው ዝቅ ይላል። የእጅ ሰዓት ብርሃን ደግሞ ቆዳና ሰዓት መካከል ውሃ ሲገባ ይደናገራል።

ሌላው መንገድ ሰውየውን መጠየቅ ነው። በእርግጥ! ስዊድናዊው ጉናር ቦርግ ሰዎች የሚሰማቸውን ድካም በቁጥር እንዲናገሩ የሚያስችል መለኪያ ሠርቶ ነበር። አሜሪካዊው ካርል ፎስተር ያንን ወስዶ ቀላል ነገር አደረገው፦ ልምምዱ ካለቀ ግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ “አጠቃላይ ልምምዱ ከ0 እስከ 10 ስንት ከበደህ?” ብሎ መጠየቅና መልሱን በደቂቃው ማባዛት። በቃ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአውስትራሊያ ዋናተኞች ላይ ሲፈተን ውጤቱ ከልብ ምት ስሌቶች ጋር በጥሩ ሁኔታ አብሮ ሄደ።

ወደ ሁለቱ ልጆቻችን እንመለስ። 10 ሰከንድ የምታርፈዋ ልምምዱን በ22 ደቂቃ ገደማ ጨርሳ “8” ብትል 176 ይሆናል። 60 ሰከንድ የምታርፈዋ በ38 ደቂቃ ጨርሳ “4” ብትል 152። ከ35 ለ35 እና ከ25 ለ8 ጋር አወዳድሩት። የትኛው ነው ሰው የሚመስለው?

ይሄኛውም ግን መልአክ አይደለም፤ በተለይ እኛ ዘንድ። ዘዴው የቆመው በእውነተኛ መልስ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ደግሞ “እንዴት ነበር?” ሲባል “አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ” ወይም “እግዚአብሔር ይመስገን” ማለትን ከአፍ መፍቻው ጋር ነው የተማረው። ቆንጆ ባህል ነው፤ ለልምምድ መለኪያ ግን መርዝ ነው። አሰልጣኙ በጓደኞቹ ፊት “ከበደህ እንዴ?” ሲለው “አይ ጋሼ፣ ምንም አይል” ይላል። ምን ይበል? “ከበደኝ” ያለ ሰነፍ ይባላላ። ስለዚህ በዚህ ዘዴ የሚሰበሰበው ቁጥር ድካምን ሳይሆን ፍርሃትን ሊለካ ይችላል፤ አሰልጣኙ በፈራ ቡድን ውስጥ ሁሉም “4” ነው።

ፎስተርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳዩት ሌላ ነገር ይህን ያጎላዋል። አሰልጣኝ “ቀላል ይሁን” ብሎ ያቀደውን ቀን አትሌቶች አክብደው ይሠሩታል፤ “ከባድ ይሁን” ያለውን ደግሞ አቅልለው። አሰልጣኙ ያዘዘውና አትሌቱ የኖረው ልምምድ ሁለት ናቸው። ካልጠየቀ አያውቅም፤ ጠይቆ ካስፈራራም አያውቅም።

መፍትሔው ቴክኖሎጂ አይደለም። መልሱን በቃል ሳይሆን በወረቀት መቀበል፣ ሌላው እንዳያየው ማድረግ፣ ከፍ ያለ ቁጥር የጻፈን አለመቅጣት። ቃላቱም ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁኑ፤ ምዕራብ ሐረርጌ ላይ ይህ ለብዙው ልጅ አፋን ኦሮሞ ነው። “ትንሽ ከበደኝ”፣ “ከበደኝ” እና “ሞቼ ነበር” መካከል ያለውን ርቀት ልጁ የሚያውቀው በራሱ ቋንቋ ነው፤ በትርጉም የመጣ “መጠነኛ ጥንካሬ” ለማንም ምንም አይለውም።

ለማጠቃለያ ሳይሆን ለሙከራ፦ ቦርደዴ፣ ጭሮ ወይም ሚኤሶ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ገንዳም ሰዓትም አያስፈልጋችሁም። (ገንዳ የለም ብላችሁ አዋሽ ወንዝ እንዳትገቡ፤ አዞ አለበት።) ኳስ ወይም ሩጫ ይበቃል። ደብተር ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ቀን፣ የሠራችሁት፣ ደቂቃ፣ ከ0 እስከ 10 ያለው ቁጥር፣ እና “ሌላ”። “ሌላ” በሚለው ሥር ከልምምዱ ውጭ ያለውን ጻፉ፤ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ ውሃ ቀድታችሁ እንደሆነ፣ ከብት ጥበቃ ውላችሁ እንደሆነ፣ ሙቀቱ ምን ይመስል እንደነበር። ቁጥሩን ጓደኛችሁ ከመጻፉ በፊት ጻፉ። ሁለት ሳምንት ቀጥሉና ትልቁ ቁጥር የተጻፈበትን ቀን ፈልጉ። መጀመሪያ የደቂቃውን ዓምድ ተመልከቱ፤ ቀጥሎ “ሌላ” የሚለውን አንብቡ።